የሰው አገር በዓል፦ ለአገልግሎት ወደ አንኮበርና ደብረ ብርሃን የመጡ እንግዶች የመመለሻ መንገድ

ከአገሩ ርቆ ለማገልገል ወደ ሰሜን ሸዋ የመጣ እንግዳ ለዓመት በዓል ቤተሰቡ ዘንድ ደርሶ መመለስ የቻለው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ዘመን አንሥቶ ለመቶ ዓመት ያህል መንገዱ ራሱ አይፈቅድም ነበር። መንገዱ ከቀና በኋላ ደግሞ የአገልግሎቱ ደንብና የአገልጋዩ ኪስ አልፈቀዱም። ሁሉም ነገር ሲለዋወጥ ያልተለወጠው የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ የእንግዳው በዓልና የአገሬው በዓል በአንድ ቀን አይውሉም።

ምዕራባውያን ልደትን የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ርቀት 13 ቀን ነው። ይህ ርቀት ራሱ ባለበት የቆመ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 12 ቀን ነበር፤ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን ሲያሳልፉት ኢትዮጵያ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጓን ስለ ቀጠለች አንድ ቀን ተጨመረ። ስለዚህ ከ180 ዓመት በፊት በአንኮበር የነበረ አውሮፓዊ ገናን በጃንዋሪ 6 አየ፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ያለ አውሮፓዊ በጃንዋሪ 7 ያየዋል።

ከቀኑ ልዩነት ይልቅ እንግዳውን የሚያስቸግረው ጾሙ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የምዕራባውያን ልደት የሚውለው በዚሁ ጾም መካከል ነው። እንግዳው ሊደግስ በሚፈልግበት ቀን ጎረቤቱ ሥጋና ቅቤ አይቀምስም፤ በግ የሚያርድለት፣ አብሮት የሚበላም አያገኝም። ጎረቤቱ በሚደግስበት ቀን ደግሞ የእንግዳው በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። በሰሜን ሸዋ የኖሩ የውጭ ሰዎች የበዓል ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ከቀደሙት መካከል ስሙ የሚነሣው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። በእንግሊዙ የቸርች ሚሽነሪ ማኅበር ተልኮ ከባልደረባው ከካርል ኢዘንበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ሸዋ ገባ። የሸዋ ንጉሥ በዚያን ጊዜ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዙትና መቀመጫቸውን በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን መካከል ያፈራርቁ የነበሩት። በጎ ፈቃደኛ የሚለው ዘመናዊ ስም ለክራፕፍ በልክ አይመጣም። ይሁንና ከቤቱ ርቆ፣ ለሰው ይጠቅማል ብሎ ባመነበት ሥራ፣ በትንሽ መተዳደሪያ ለዓመታት መኖሩ ከኋለኞቹ ጋር ያዛምደዋል። በሸዋ በቆየባቸው ዓመታት የኦሮምኛን ቋንቋ አጥንቶ ከወንጌል ክፍሎች ተርጉሟል።

ወደ ሸዋ መግባትም ከሸዋ መውጣትም በንጉሡ ፈቃድ ነበር። ከበረሃው ወደ ደጋው የሚያስወጣውን በር የሚጠብቁት የኢፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከባሕር የመጣ ነጋዴ፣ መልእክተኛ ወይም ሚሲዮናዊ ከአልዩ አምባ በታች ባለው ወሰን ላይ ቆሞ፣ መምጣቱ ለንጉሡ ተነግሮ፣ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። መውጣት ከመግባት ይከብድ ነበር። የእጅ ሙያ ያለው፣ መድኃኒት የሚያውቅ ወይም መሣሪያ የሚያድስ ሰው ለንጉሡ ሀብት ስለሆነ በቀላሉ አይለቀቅም። በዚህ ዓይነት አገር «ለበዓል ቤተሰቤን አይቼ ልመለስ» የሚለው ሐሳብ እንግዳ ነው። የሄደ ሰው ይመለሳል ተብሎ አይታመንም፤ ወሰኑ ላይ በደረሰ ጊዜም መልሰው ያስገቡት አያስገቡት የተረጋገጠ አይደለም።

የክራፕፍ ጉዞ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኢዘንበርግ በመጣበት ዓመት መጨረሻ የአማርኛ መጻሕፍቱን ለማሳተም ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሰዋስዉ በ1842 ለንደን ላይ ታተሙ። ክራፕፍ ብቻውን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ግብፅ ሄዶ ሚስት አግብቶ ሊመለስ ከአንኮበር ተነሣ። የመረጠው መንገድ በሰሜን በኩል ወደ ምጽዋ የሚወስደውን ነበር። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት ይዞ ያለውን ሁሉ ገፈፈው፤ ባዶ እጁን ምጽዋ ደረሰ። ግብፅ ላይ ሮዚና ዲትሪክን አግብቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ በታጁራ በኩል ለመግባት ቢሞክር ሸዋ ተዘጋበት። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ዘወር ብሎ ሞምባሳ ላይ ሥራውን ቀጠለ፤ ሚስቱም እዚያው ሞተችበት። ለቤተሰብ ብሎ አንድ ጊዜ የወጣ ሰው የአገልግሎት ቦታውን አጣ። ይህ በጊዜው የተለየ አደጋ አልነበረም፤ መንገዱ ለሁሉም እንዲህ ነበር።

ክራፕፍ ሳይወጣ አንኮበር የገባው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ ቆይቷል። የሐሪስ ቡድን የመንግሥት ልዑክ በመሆኑ ለዚህ ታሪክ ዳር ላይ የሚቆም ነው፤ የሚጠቅመው በጻፈው መጽሐፍ ነው። ንጉሡ በመስቀል በዓል ደብረ ብርሃን ላይ ሠራዊታቸውን ሰብስበው የሚያሰልፉበትን ሥርዓት ያየውን ያህል ዘግቧል። የባሕር ማዶ ሰው በደብረ ብርሃን ሜዳ የአገሬውን በዓል በእንግድነት ሲያይ ከተጻፉልን የቆዩ ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1876 የላከው ቡድን መሪ ማርኪስ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ተቀበለ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ሰው አእዋፍንና አራዊትን የሚያጠና ሲሆን፣ ገና በመጀመሪያው ጊዜ በጥይት አደጋ ቀኝ እጁን ተጎድቷል። ልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ ነበረች፤ ከጣሊያን ለሚመጡ መንገደኞችም ማረፊያ ሆነች። ዕቃና ገንዘብ ሲያልቅ ከቡድኑ አንዱ፣ ሻምበል ሴባስቲያኖ ማርቲኒ፣ ወደ ጣሊያን ወርዶ ይመለስ ነበር። አንቲኖሪ ግን ከጣቢያው አልተለየም። የባልደረባው የጆቫኒ ኪያሪኒ ሞት እንኳ ከሩቅ ከጌራ የደረሰው እዚያው ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1882 ልጥ ማረፊያ ላይ ዐርፎ እዚያው ተቀበረ። ጣቢያው ከጊዜ በኋላ ለጣሊያን ፖለቲካ መሣሪያ መሆኑ አይካድም። የአንቲኖሪ የራሱ ስድስት ዓመት ግን ከአገሩ ወጥቶ ያልተመለሰ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ሆኖ መነበብ ይገባዋል።

የአገሬው ሰው እነዚህ እንግዶች ለምን ለዓመት በዓል ቤታቸው እንደማይሄዱ ለመረዳት የሚቸገር አልነበረም። በሸዋ ገጠር «የሰው አገር» ሲባል ባሕር ማዶ ማለት ብቻ አይደለም፤ ለመንዝ ልጅ ጎንደርም ጎጃምም የሰው አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ ለዓመታት እንደሚቀር ይታወቃል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሳይናገሩ ይጠፋሉ። ዜማውን ወይም ቅኔውን ሳይጨርስ ለገና ወይም ለፋሲካ ብሎ የሚመለስ ተማሪ ትምህርቱን እንደ ተወ ይቆጠራል፤ እናት ቤት የገባ ልጅ ቶሎ አይወጣምና። በዓሉን የሚያሳልፈው በመምህሩ ደጅ፣ በደብሩ ቅዳሴና በምእመናኑ እህል ነው። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የሚለምነው ቁራሽ በበዓል ቀን ዳቦና ወጥ ይሆናል፤ የሰው አገር ሰውም የቤተሰብን ቦታ ይይዛል። ከአገሩ ርቆ ያለን ሰው በበዓል ቀን ብቻውን አለመተው በዚህ አካባቢ ከውጭ የተማሩት ነገር አይደለም። የኋለኞቹ የውጭ መምህራን የተስተናገዱትም በዚሁ የቆየ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

መንገዱን የለወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የበረሃው የግመል ጉዞ ለእንግዳ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ፤ አንኮበርም ከባሕር ወደ ሸዋ የሚገባበት ደጅነቷን አጣች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የተዘረጋው መኪና መንገድ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ከደብረ ሲና በላይ የጣርማበርን ተራራ በዋሻ በስቶ ወረደ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ቀዝቃዛዋ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ የግማሽ ቀን መንገድ ሆነች። ሦስተኛው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ጀምሮ፣ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የጄት አውሮፕላኖች ተረከበ።

በዚያው በ1955 ዓ.ም. መባቻ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ። ቁጥራቸው ከ270 በላይ ነበር፤ መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ይባላል። አብዛኞቹ ከኮሌጅ በቅርቡ የወጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የተመደቡት በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በአገሪቱ የነበረውን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ቁጥር እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ሰዉ «ፒስኮር» አላቸው፤ ስሙም ቀረ። ደብረ ብርሃንም ከተመደቡባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ ያለው ትምህርት ቤት በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሸዋ ቀድመው ከሸፈቱት አርበኞች በአንዱ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመ ነው።

ለእነዚህ መምህራን ወደ አገር የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር። አውሮፕላን አለ፤ የሚያግዳቸው ንጉሥ ወይም ወላስማ የለም። ቢሆንም አብዛኞቹ ሁለቱን ዓመት ቤታቸውን ሳያዩ ጨረሱ። ምክንያቱ በአገልግሎቱ አሠራር ውስጥ ነው። በጎ ፈቃደኛው በየወሩ የሚቀበለው ለመተዳደሪያ የሚበቃ ብር ነው። ከዚህ ሌላ በወር 75 ዶላር ይታሰብለታል፤ የሚከፈለው ግን አገልግሎቱን ሲፈጽም ነው፤ ወደ አገሩ ተመልሶ ኑሮ እስኪጀምር እንዲደግፈው የታሰበ ገንዘብ ነበርና። ስለዚህ አትላንቲክን የሚያሻግር ቲኬት መግዣ በእጁ የለም። የዕረፍት ጊዜም የታሰበው የሚያገለግሉበትን አገርና ጎረቤቶቹን ለማወቅ ነው። ወጣቶቹ በዕረፍት ወራት ላሊበላና ጎንደርን፣ ሲችሉም ኬንያን ያዩ ነበር። የዚህ አሠራር መሠረት የሆነው ሐሳብ ትክክል ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል። መምህሩ የሚኖርበትን ከተማ የሚያውቀው ክፍል ውስጥ ብቻ ቆሞ አይደለም፤ በበዓሉም፣ በሐዘኑም፣ በገበያውም አብሮ ሲውል ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ታኅሣሥ 16 ቀን 1955 ዓ.ም. መጣ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ተራ የሥራ ቀን፣ ለመምህራኑ የልደት ቀን። ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ሰኞ ገና ሆነ። የደብረ ብርሃን ገና ብርድ የበዛበት ነው፤ ጠዋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፣ ሰዉም ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባናውን ይደርባል። ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ይፈታል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ቅርጫ ይካፈላል፤ ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች ሜዳ ላይ ወጥተው ሩሯን በገና ዱላ ያሯሩጣሉ። ከቤቱ የራቀ መምህር በዚህ ቀን ቤቱን ዘግቶ መዋል አይችልም፤ የሚጠራው ሰው ይመጣል።

መምህሩ ሳይሄድ ተማሪዎቹ ይሄዱ ነበር፤ የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽም ይህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው ባልነበረበት ዘመን ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋና ከአንኮበር የመጡ ልጆች ደብረ ብርሃን ላይ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። በዓል ሲቃረብ ትምህርት ቤቱ እንደ ተለቀቀ በእግራቸው ይነሣሉ፤ መንገዱ ለአንዳንዱ ከአንድ ቀን በላይ ነው። ሲመለሱ ጀርባቸው ላይ ስንቅ አለ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴም እናት በቅል ያሰረችው ቅቤ። በዓሉ ለተማሪው ናፍቆት መወጫና ቀለብ ማምጫ ነበር፤ ስንቁ ካለቀ ትምህርቱም ይቋረጣልና። ለመምህሩ ከባሕር ማዶ የሚደርሰው ግን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ሳምንታትን ፈጅቶ።

የራስን አገር ሕዝብ ከቤት ርቆ ማገልገል በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ በሥርዓት የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ ተደነገገ። አብዛኞቹ አስተማሩ፤ ብዙዎቹም ከፒስኮር መምህራን ጋር ጎን ለጎን። ለእነሱ የበዓሉ ቀን ችግር አይደለም፤ ችግሩ ርቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን የደረሰው የአዲስ አበባ ልጅ አውቶብስ ይዞ እናቱ ቤት ይፈስካል፤ ኢሉባቦር ወይም ባሌ የደረሰው ግን እንደ አሜሪካዊው ባልደረባው እዚያው ይውላል።

ከሁሉ የሰፋው ጉዞ የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ቀኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገና የቀረው 17 ቀን ነበር። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የከተማ ወጣት ገናን ከቤቱ ርቆ የዋለበት ዓመት ከዚያ በፊት አልነበረም። ዘመቻው በፈቃድ የተመሠረተ አይደለም፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ከሚለው ቃል ጋር ማቀላቀል ለዘማቾቹም ለቃሉም ፍትሐዊ አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥራቸው ፊደል ከማስቆጠር አልፎ ገበሬውን ወደ ማደራጀት ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ በየጣቢያው ግጭት በዛ። ሁለተኛው ገና ሳይደርስ ጣቢያቸውን ያለ ፈቃድ ትተው የሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ ወደ ቤት የተመለሱም፣ ከአገር የወጡም አሉ። የቀሩት በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ተመለሱ። የዘማቾች እናቶች ያሳለፏቸው ሁለት ገናዎች ገና በሚገባ አልተጻፉም፤ ያን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቢጻፉ ይገባል።

የሰላም ጓድ በ1969 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ተመልሶ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት በ1991 ዓ.ም. እንደገና ለቀቀ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የመጡት በጎ ፈቃደኞች የበዓል ሁኔታ ከአባቶቻቸው የተለየ ነበር። ደንቡ በየወሩ ሁለት የዕረፍት ቀን ይሰጥ ነበር፤ ከአገልግሎቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሦስት ወራት በስተቀር በራሱ ወጪ አገሩ ደርሶ መመለስ የፈለገ አይከለከልም ነበር። ለተጨማሪ አንድ ዓመት ለመቆየት የተስማማ ደግሞ ድርጅቱ በራሱ ወጪ አገሩን አይቶ እንዲመለስ ያደርገው ነበር። ስልኩ በእጁ ስለሆነ ያልሄደውም የቤተሰቡን ማዕድ በምስል ያይ ነበር። ትልቁ የመመለስ ጉዞ ግን ለበዓል አልሆነም። መጋቢት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የነበሩ ወደ 7,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ወደ አሜሪካ እንዲመለሱ ታዘዙ፤ በኢትዮጵያ የነበሩትም ከእነሱ ጋር። ፋሲካ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ያን ዓመት የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው።

ጉዞው ወደ ኢትዮጵያም ዞሯል። ለ2014 ዓ.ም. ገና በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ወደ አገር ቤት እንዲመጡ መንግሥት ጥሪ አቀረበ። ገናው የዋለው የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ድረስ ወርዶ ከተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያ ገና ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖችን አስጠግታ ነበር፤ ለእነሱ ወደ አገር ቤት መመለስ የሚባለው ነገር ዝግ ነበር። ከተማዋ ለሰው አገር ሰው በዓል ማድረግን ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የዚያን ዓመቱን ያህል የከበደባት ግን የለም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ የተነሣ መኪና ደብረ ብርሃን ለመድረስ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። የገና ዋዜማ ሲሆን በከተማዋ የሚሠሩና የሚማሩ የሌላ አገር ልጆች ወደየቤታቸው ይወጣሉ፤ ሌላ ቦታ ያሉ የደብረ ብርሃን ልጆች ደግሞ ይገባሉ። ታኅሣሥ 16 ግን እዚያ አሁንም የሥራ ቀን ነው፤ ጾሙም ገና አልተፈታም።